ያልረጋው ወተት

መስከረም 18 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴና ከእናትሽ በቀር ደህና ነኝ። የምትኖሪበት ቤት ይሙቅ፣ የምትሠሪበት እጅ አይዛል፣ ክፉ አይይሽ።

ምርቃቱን ከጨረስኩ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የእናትሽ ስኳር ጨምሯል። ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ወስጃት በባዶ ሆዷ ሲለኳት ሁለት መቶ አርባ ሆነ። ነርሷ ቁጥሩን አይታ ዝም አለች። እኔ ዝም የምትል ነርስ እፈራለሁ፤ የምትቆጣ ትሻለኛለች። ክኒኑን ጨመሩላት፤ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት። እሷ ደግሞ ሆዴን ያላውሰዋል፣ ከመጸዳጃ ቤት አያስወጣኝም ብላ ታማርራለች። ስትውጠው ፊቷን ብታይ መርዝ ያጠጣኋት ይመስልሻል።

በላይዋ ቆሜ አስውጣታለሁ። ግን አርባ ዓመት እርጎ የሸጠ ሰው ጠዋት ቤት አይቀመጥም፤ ወተት ሰው አይጠብቅም። እኔ ከወጣሁ በኋላ የምታደርገውን የሚያውቀው ግድግዳው ነው።

ስልኬ ወተት ባልዲ ውስጥ ገብቶ ከሞተ ወዲህ ሌላ አልያዝኩም። እሷም ብትሆን በስልክ ማውራት አትወድም፤ መስመሩ በተቆረጠ ቁጥር ልጄ ሞተች ብላ ታለቅሳለች። ስለዚህ ደብዳቤ። በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካ የልጆች ወንበር ላይ ተቀምጬ ሀሁ ስቆጥር እናትሽ ምን እንዳለችኝ አልረሳሁም። «ለመቃብርሽ ድንጋይ ልትጽፊበት ነው?» ነበር ያለችኝ። ይኸው ዛሬ ያንቺን ደብዳቤ ለመስማት እግሬ ሥር ትቀመጣለች። አንዳንዴ መነጽሬን እያየሁት እፈልገዋለሁ፤ ትንሽ ትጠብቅ ብዬ።

ስኳር የሚያጠኑ ሐኪሞች ዘንድ ሥራ ያዝኩ ብለሽ የጻፍሽውን አራት ጊዜ አስነብባኛለች። ሥራሽ የሰው ሰገራ መቀበል ነው የሚለው ላይ ስደርስ እኔ ሳቅኩ። ይህን ያህል ተምረሽ፣ ይህን ያህል ርቀሽ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ልጄ ከስኳር ሐኪሞች ጋር ናት፣ አንድ ነገር ትልክልኛለች» ትልና መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። ገንዘብ አልጠየቅንሽም፣ ልብስም አልጠየቅንሽም። እውነት እንዲህ ያለ ነገር ካለ ግን ንገሪን። ከሌለም ንገሪኝ፤ ለእሷ እንዴት እንደምነግራት እኔ አውቃለሁ።

አክስትሽ


ጥቅምት 15 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? እኔ ከናፍቆት ሌላ የሚያመኝ የለም። ዕድሜዎ እንደ እርጎዎ የጠና ይሁንልኝ።

በሳቅዎ አልተቀየምኩም። እኔም የመጀመሪያውን ሳምንት አንድ እጄን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ነው የሠራሁት። አሁን ለምጄዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ሰዎች በትንሽ ዕቃ ከድነው ያመጡልኛል፤ ቁጥር እለጥፍበታለሁ፣ ቀኑን እጽፋለሁ፣ ከበረዶ በባሰ በሚቀዘቅዝ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ስም የለም። ሰው ሁሉ ቁጥር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰው አንጀት ውስጥ ተቆጥረው የማያልቁ ሕያው ተህዋስያን ይኖራሉ። ባክቴሪያ ሲባል በሽታ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ብዙዎቹ ግን የበላነውን እያብላሉ የሚያገለግሉን ናቸው። እንደ እማዬ «ዓይነት ሁለት» የሚባለው ስኳር ያለባቸው ሰዎች ሲመረመሩ ከጠቃሚዎቹ አንዳንዶቹ አንሰው ይገኛሉ። እነዚህ ሐኪሞች የጎደሉትን በካፕሱል አድርገን ብንመልስ ስኳሩ ይወርድ ይሆን ብለው እየሞከሩ ነው።

ወደ ሰፈራችን በምትመለሰው ፀጉር ሠሪ እጅ ሁለት ጠርሙስ ልኬያለሁ፤ በእያንዳንዱ ሠላሳ ካፕሱል አለ። በቀን አንድ ትዋጥ። ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡት። ከየት አመጣሽው አይበሉኝ፣ ለማንም አያሳዩ።

አሁን የምጽፈውን ሁለት ጊዜ ያንብቡላት። ክኒኗን እንዳታቆም። ይህ ከክኒኑ ጋር ነው እንጂ በክኒኑ ፋንታ አይደለም። ደግሞም ይሠራል ብዬ ቃል አልገባም፤ ሐኪሞቹ ራሳቸው ገና አላወቁም።

ልጅዎ


ኅዳር 8 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ያሰብሽው ይሙላ፣ የያዝሽው አይጉደል። እኛ እንዳለን አለን።

ዕቃው ደረሰ። ፀጉር ሠሪዋ ከፀጉር ማድረቂያዋ ጋር በአንድ ፎጣ ጠቅልላ ነው ያመጣችው፤ ስቀበላት እንደ አዲስ እንቁላል ይሞቅ ነበር። እንግዲህ ቀዝቃዛ ቦታ ብለሻል። ማቀዝቀዣ የለንም። የመጠጥ ውኃው ማሰሮ ጎን አስቀመጥኩት።

እናትሽን ብታያት። ጠርሙሱን ደረቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ በራችን ላይ ቆመችና ያለፈ ያገደመውን ሁሉ እየጠራች አሳየች። ለማንም አያሳዩ ያልሽውን ለግድግዳ ብትነግሪው ይሻል ነበር። ደብዳቤሽን አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ ያልሽውንም ሁለት ጊዜ። «እሺ፣ እሺ፣ ሰማሁ» አለችኝ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስልሳ ካፕሱል ሁለት ወር ነው። ከዚያስ? አንቺ ሕያው ነው ብለሻል። ሕያው ነገር ዘሩ አያልቅም። እኔ ዛሬ የምሸጠውን እርጎ የማረጋው እናቴ በሰጠችኝ እርሾ ነው። በየቀኑ ከትናንቱ ለዛሬ፣ ከዛሬው ለነገ አንድ ማንኪያ እያስቀረሁ አርባ ዓመት አኖርኩት። ባሌ ሞተ፣ ቤቱ ተሸጠ፣ እርሾው አልሞተም። የአንቺን ሐኪሞች ባክቴሪያስ ምን ያግደዋል?

ስለዚህ ዛሬ ወተት አፈላሁ። ትንሿን ጣቴን ከትቼ እስከ አሥር ቆጠርኩ፤ ጣት እስከ አሥር ከቻለው ወተቱ ደርሷል ማለት ነው። አንዱን ካፕሱል ከፍቼ ውስጡ ያለውን ነጭ ዱቄት በተንኩበት፤ በባሌ ካፖርት ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ነገ እናያለን። እናትሽ ሁለት ጊዜ ልትገልጠው ስትመጣ እጇን መታኋት።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 12 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ከረሙ? ሰላምና ጤና አይለይዎት።

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ በምሳ ሰዓት አነበብኩት፤ ምሳዬንም አልበላሁም። እባክዎ አያራቡት። የአንጀት ባክቴሪያ ሁሉ እንደ እርጎ እርሾ አይደለም። አየር ሲነካቸው የሚሞቱ አሉ። ወተቱ ውስጥ ቢበቅልም የበቀለው ከካፕሱሉ ይሁን ከማንኪያው ወይም ከአየሩ ማን ያውቃል? ካፕሱሉን እንዳለ ትዋጠው። ካለቀ ይለቅ።

አንድ ነገር ግን ይንገሩኝ። ወተቱ ረጋ?

ለምን ትጠይቂያለሽ አይበሉኝ፤ ይንገሩኝ ብቻ። ስኳሯንም ያስለኩና ቁጥሩን ይጻፉልኝ። ክኒኗን ትውጣለች አይደል?

እዚህ አንድ ነገር ተፈጥሯል። የክፍላችን አለቃ ሴትዮ የጠርሙሶቹን መዝገብ እያመሳከረች ነው። ጥናቱን አቋርጠው ከወጡ ሰዎች የተመለሱት ጠርሙሶች መቃጠል ነበረባቸው። የተቃጠለውና የተመለሰው አልገጠመም። ትናንት አጠገቤ ቆማ ምንም ሳትል ጓንቷን አወለቀች። እኔም እንደ እርስዎ ዝም የሚል ሰው መፍራት ጀምሬያለሁ። ደብዳቤዎቼን እያነበቡ ያቃጥሏቸው።

ልጅዎ


ጥር 9 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ጤናሽ ይብዛ። የሚከታተልሽን ዓይኑን ይያዝልሽ።

ረጋ። ነጭ፣ ወፍራም፣ ማንኪያ የሚያቆም ሆኖ ረጋ። እናትሽ በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ ትጠጣለች። «የልጄ መድኃኒት» ነው የምትለው። ካፕሱሉንም ውጣ ጨርሳዋለች። ፊቷ ፈክቷል፤ ሆዷም ተመችቷታል፤ መጸዳጃ ቤት መመላለሱ ቀርቷል። ምን እንዳስፈራሽ አላውቅም። እኔ ወተት ሳረጋ አንቺ አልተወለድሽም።

ቁጥሩን ጠይቀሻል። ጤና ጣቢያው መለኪያ ወረቀት አልቆበታል፤ በሚቀጥለው ወር ኑ ብለውናል። ደብዳቤዎችሽን ደግሞ አላቃጥልም። ስንት መከራ አይቼ የተማርኩትን ፊደል በእሳት አልሰድም። ዱቄት ማስቀመጫው ሥር ናቸው፤ ማንም አያገኛቸውም።

ብር አትላኪ። ከቻልሽ ግን ለስላሳ ጫማ ላኪላት፣ ሰፋ ያለ። ባለፈው ሳምንት የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጠር ጫማዋ ውስጥ ገብታ ቀኑን ሙሉ ስትሄድባት ውላለች። ማታ ጫማዋን ሳወልቅላት ነው ያየሁት። «አላመመሽም?» ስላት፣ «ምኑ?» አለችኝ። ከትንሿ ጣቷ ሥር ተልጣለች። ትንሽ ነገር ናት፤ በጨው ውኃ አጥቤ አሰርኩላት።

አሁን አሁን መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መንገዱ ጭጋግ ሆኗል ትላለች። እኔ ስመለከት ፀሐይ ነው። እርጅና ይሆናል።

አክስትሽ


ጥር 30 ቀን

አክስቴ፣

ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ። ይህንን እንዳነበቡ እማዬን ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ። ዛሬ። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ላይ ያለ ቁስል ትንሽ የሚባል የለም። ጠጠሩ ያላመማት ነርቯ ስለደነዘዘ ነው። ጫማ አልልክም፤ ጫማ አይደለም የሚያስፈልጋት።

አሁን ደግሞ ያልነገርኩዎትን ልንገርዎ። በጥናቱ ካሉት ሰዎች እኩሌታው ሕያው ባክቴሪያ ያለበት ካፕሱል ይወስዳል። እኩሌታው የሚወስደው ባዶ ዱቄት ነው። ጠርሙሱ አንድ ነው፣ መልኩ አንድ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሐኪሙም፣ በሽተኛውም፣ እኔም አናውቅም። ጥናቱ ሲያልቅ የሚከፈት የታሸገ ወረቀት አለ። እኔ ከሚቃጠለው ክምር ሁለት ጠርሙስ አነሳሁ። ምን እንዳነሳሁ አላውቅም ነበር። እማዬ መስኮት ሥር ተቀምጣ መንገድ ታያለች ብለው ጻፉልኝ፤ እኔም አንድ ነገር መላክ አለብኝ አልኩ።

ወተቱ ረጋ ሲሉኝ ተደስቼ ነበር። ሕያው ነው ማለት ነው ብዬ። ትናንት ግን አለቃዬን ለማወቅ የጓጓሁ መስዬ ጠየቅኳት። «የእኛዎቹ ባክቴሪያዎች ወተት ላይ ቢበተኑ ያረጉታል?» አልኳት። ሳቀች። የእኛዎቹ አየር አይችሉም፣ ወተትም አያረጉም አለችኝ።

ታዲያ እማዬ በየጠዋቱ የምትጠጣው ምንድን ነው? እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ። ክኒኗን ትውጣለች?

ልጅዎ


መጋቢት 3 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

እግዜር ያጽናሽ፣ እኔንም ያጽናኝ። እናትሽ በሕይወት አለች። ይህንን አስቀድሜ የጻፍኩት ደብዳቤውን ስትከፍቺ መጀመሪያ የምትፈልጊው እሱን እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

ወተቱ አልረጋም። በማግስቱ ካፖርቱን ስፈታው እንደገባ ወተት ነበር። አፈሰስኩትና ሌላ ካፕሱል ከፈትኩ። አልረጋም። ሦስተኛም ሞከርኩ፤ አልረጋም። አርባ ዓመት ሙሉ ወተት እንቢ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሦስተኛውን ሳፈስ እናትሽ ከኋላዬ መጥታ «ረጋ?» አለችኝ። ልጅ ሆና ፍሬ ልሰርቅላት ዛፍ ላይ ስወጣ ከሥር ሆና ታየኝ እንደነበረው አየችኝ። አዎ ረጋ አልኳት። ከዚያ የራሴን እርሾ አስገባሁና ያንቺ ነው ብዬ ሰጠኋት። ስትጠጣ የነበረው ለሰፈሩ ሁሉ የምሸጠውን እርጎ ነው።

ሌላም አለ። በጥቅምቱ ደብዳቤሽ ክኒኗን እንዳታቆም ያልሽውን ሁለት ጊዜ አንብቤላታለሁ፤ አልዋሸሁሽም። ከሥሩ የነበረውን፣ ይሠራል ብዬ ቃል አልገባም ያልሽውን ግን ዘለልኩት። ደስ ብሏት ነበር። እሷ ደስ ያላት ቀን በጣት ይቆጠራል፤ ከዚያም ጣት ይተርፋል። ስለዚህ ዘለልኩት።

እሷ ታዲያ የሚያድን መድኃኒት እያለኝ ሆድ የሚያውክ ክኒን ለምኔ ነው አለች፤ ለራሷ ነው እንጂ ለእኔ አላለችም። እኔም ፊቷ ሲፈካ አይቼ በላይዋ መቆሙን ተውኩ። የፈካችው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ሆዷን የሚያውካት ክኒን ስለቀረ ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰ ቀን እግሯን ፈታሁት። ሽታውን አልጽፍልሽም። ወደ ሐኪም ለመውሰድ ንጹሕ ካልሲ ፍለጋ ሣጥኗን ከፈትኩ። አንደኛውን ካልሲ ሳነሳው ተንኳኳ። ሙሉ ክኒን ነው። ሁለቱን የአንቺን ጠርሙሶች ከፈትኳቸው፤ እነሱም እስከ አፋቸው ክኒን ናቸው። ቁጭ ብዬ አየኋቸው። እሷ አልጋው ላይ ሆና «ለምን ትነካኪያለሽ የሰው ዕቃ?» አለችኝ።

ስኳሯ ሲለካ ማሽኑ ቁጥር መስጠት ትቶ ፊደል ጻፈ። ከፍ ብሏል ማለት ነው አሉ። ከጤና ጣቢያ ወደ ትልቁ ሆስፒታል በመኪና ወሰዷት። የግራ እግሯን ሁለት ጣት ቆረጡ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። መድኃኒት ለምን አቆምሽ ሲላት ቀና ብላ «አላቆምኩም፤ የልጄን መድኃኒት እየወሰድኩ ነበር» አለችው። ኩራቷን ብታይ። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ሌሎች ሰባት ሴቶች በተኙበት ክፍል ውስጥ ሁሉንም ነገርኳት። የወተቱን፣ የዘለልኩትን፣ ያንቺንም የባዶውን ዱቄት ነገር። ጣሪያውን አየች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«ፊደል የተማርሽው እኔን ለማታለል ነው?»

ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ቀን ሆነ፤ አላናገረችኝም። ውኃ ስሰጣት ትጠጣለች፣ እግሯን ሳጥበው ትዘረጋልኛለች፤ ቃል ግን የለም። ሦስተኛው ጣቷ ጫፉ ላይ ጠቁሯል። ይድናል ወይ ስላቸው እናያለን ይሉኛል። እናያለን የሚለውን ቃል እኔም ወተት በካፖርት ስጠቀልል ስለው ነበር።

አክስትሽ


መጋቢት 24 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

የሚያጽናናኝን ምርቃት አጣሁ። እማዬን ያኑርልኝ፤ እርስዎንም አይጉዳብኝ።

አልፈርድብዎትም። እርስዎ አንድ መስመር ዘለሉ፤ እኔ አንድ ገጽ ሙሉ ነው የዘለልኩት።

ለአለቃዬ ነገርኳት። ሳትጠይቀኝ፣ ቢሮዋ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ነገርኳት። አልጮኸችም። የጠርሙሶቹን ቁጥር ታስታውሻለሽ ወይ አለችኝ። ሁለቱንም በቃሌ ነገርኳት፤ ስንት ሌሊት ስደጋግማቸው ከረምኩ። ጻፈቻቸው። እባክሽ ባዶ ነበሩ ወይስ ሕያው፣ ይህንን ብቻ ንገሪኝ አልኳት። «ወረቀቱ ለማንም እናት ተብሎ አይከፈትም፤ ለእኔም እናት አልተከፈተም» አለችኝ። እናቷም ስኳር እንዳለባት ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ምናልባት እኔ ካነሳሁት ክምር አጠገብ የእሷ እናት ቁጥር ነበረ።

ከጠርሙሶቹ ክፍል አስወጥተውኛል። አሁን ኮሪደሩን እጠርጋለሁ፤ የቀረውን በወሩ መጨረሻ እንወስናለን ብለዋል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የማቀዝቀዣዎቹን ድምፅ እሰማለሁ። እርስዎ ወተቱ ሲያምፅብዎ ያወቁ የመሰለዎትን እኔ መቼም ላላውቀው እችላለሁ። የእርስዎም ወተት ቢሆን ያልረጋው ባዶ ስለነበረ ይሁን፣ በሙቀት ስለሞተ ይሁን፣ ወይም የእኛዎቹ ወተት ስለማያረጉ ይሁን አይታወቅም።

ሌላውን የታጠፈ ወረቀት ለእማዬ ነው የጻፍኩት። እባክዎ ሳያጎድሉ ያንብቡላት። ቢያስለቅሳትም።

ልጅዎ


ሚያዝያ 27 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሥራሽ ቢቀርም እጅሽ ይኑር፤ እጅ ያለው ሰው መንገድ አያጣም።

የታጠፈውን ወረቀት አላነበብኩላትም። እንቢ ብዬ አይደለም። መነጽሬን አድርጌ ስከፍተው እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። አጥፋ ትራሷ ሥር ከተተችው። ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ዝምታ በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር፦

«ከእንግዲህ ማንም አያነብልኝም። አስተምሪኝ።»

እኔ ደግሞ ሰው አይደለሁም? አሥር ዓመት የያዝኩት ነገር ነበር፤ ለመቃብርሽ ድንጋይ ልትጽፊ ነው አልኳት። ሳትስቅ «አዎ፣ ትክክል መጻፉን ራሴ አያለሁ» አለችኝ።

ከሆስፒታል ወጥተናል። በየጠዋቱ ወደ ወተቱ ከመሄዴ በፊት በእርጎ ክዳን ላይ በከሰል ስድስት ፊደል እጽፍላታለሁ። ስመለስ እጆቿ፣ አገጯ፣ አንሶላው ሁሉ በከሰል ጠቁረው ስድስቱን ትጠራልኛለች። ክኒኗን ፊቴ ቆማ ትውጣለች፣ ከዚያ አፏን ከፍታ ምላሷን አንስታ ታሳየኛለች፣ እንደ እስረኛ። እኔን ለመቅጣት ነው። ይሁን፤ ቅጣቱ ስኳሯን ወደ መቶ ስልሳ አውርዶታል። ነርሷም ተቆጣችን። ስትቆጣ እንዴት ደስ እንዳለኝ።

ሦስተኛው ጣት ገና አለ። በየጠዋቱ መስኮቱ ሥር ብርሃን ላይ አድርገን እናየዋለን፤ እኔ አያለሁ፣ እሷ ፊቴን ታያለች። ትናንት ጥቁሩ እንዳለ ነበር። ዛሬም እንዳለ ነው። አልሰፋም ብዬ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ግን ከእንግዲህ የምፈልገውን አልጽፍልሽም። አላወቅኩም።

ዓይኗን የዓይን ሐኪም አይቷታል። ጭጋጉ እርጅና አይደለም። ስኳሩ ከዓይኗ በስተጀርባ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች አበላሽቷል፤ በጨረር እንሞክራለን፣ የጠፋውን ግን አንመልስም አለ። ሰልፉ ረጅም ነው። ሦስት ወር ጠብቁ አሉን። ያን ቀን ቤት ስንደርስ ስድስቱ ፊደል አይበቃኝም፣ አሥራ ሁለት አድርጊው አለችኝ።

አሁን የምታጠናው በክርኗ ተደግፋ፣ ክዳኑን አፍንጫዋ ሥር አድርጋ ነው። ያንቺን ወረቀት በየቀኑ ከትራሷ ሥር ታወጣና የምታውቀውን ፊደል ትፈልጋለች፤ ስታገኝ በጣቷ ትነካዋለች። እስካሁን ያነበበችው «እማዬ» የሚለውን ብቻ ነው። ገጹ ላይ አራት ቦታ አግኝታዋለች። ሌላው ምን እንደሚል አንቺና ወረቀቱ ብቻ ታውቃላችሁ። እኔ አልከፈትኩትም። አልከፍተውምም።

ከዚህ በታች ያለው የእሷ እጅ ነው። የጎደላትን ፊደል በሌላ ወረቀት ላይ ጽፌ እያሳየኋት ገለበጠችው። ስትጨርስ ወረቀቱን ይዛ እያነከሰች ጤና ጣቢያ ሄደችና ለነርሷ አሳየቻት፤ ያልኩትን ነው ወይ የጻፈችልኝ ብላ። «እውነቷን ነው» አለቻት ነርሷ። ከዚያ ነው ተመልሳ ላኪው ያለችኝ።

አክስትሽ

ልጄ እኔ ነኝ። ጣቴ ስምንት ነው። ክኒን ውጫለሁ። ትልቅ አርገሽ ጻፊ።